የአያት ብስክሌት



ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ያለነው በሆላንድ አገር፣ በዩትሬክት ከተማ፣ የአክስታችን ልጅ በምትኖርበት ሠፈር መንገድ ዳር ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ካፊያውም አላቆመም። በፊታችን የሚያልፈውን ሕዝብ ቆመን እናያለን። ከረባት ያሰሩ ሽማግሌ፣ ሁለት ሕፃናትን ከፊት ባለ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠች እናት፣ ጎን ለጎን ሆነው እያወሩ የሚነዱ ኮረዶች፣ በአንድ እጇ ጃንጥላ ዘርግታ በሌላው መሪ የያዘች ሴት፤ ሁሉም በብስክሌት ላይ ናቸው። የስፖርት ልብስ የለበሰ አላየንም። ሰው ወደ ሥራውና ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል፤ ይኸው ነው። ከዚያ ሕዝብ መካከል ረዥም ጅልባብ የለበሰች አንዲት ሴት ወደኛ አቅጣጫ መጥታ ቃጭሏን ደወለችብን። የአክስታችን ልጅ ነበረች።

«አንተ ልጅ፣ የቆምከው እኮ የብስክሌት መንገድ ላይ ነው! ና ውጣ!» አለችን።

እውነቷን ነው። መሬቱ ቀይ የተደረገው ለጌጥ መስሎን ነበር።

ይህች እህታችን ተወልዳ ያደገችው ደሴ ነው። የደሴን ዳገት የሚያውቅ አንባቢ እንደሚረዳን፣ እዚያ እንኳንስ ሴት ልጅ ወንዱም ቢሆን ሳይክሉን የሚገፋበት ሰዓት ከሚነዳበት ይበልጣል። እሷም ሳይክል ላይ ሳትወጣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞላት። በሆላንድ ከተሞች ለስደተኛ ሴቶች የሚሰጥ የብስክሌት ትምህርት አለ። እሷም ከሞሮኮ፣ ከቱርክና ከሶማሊያ ከመጡ እናቶች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ትምህርቱን ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፔዳል የሚባል ነገር አልነካችም። ኮርቻው ዝቅ ተደርጎላት፣ ሁለት እግሯ መሬት እየነካ፣ መሬቱን በእግሯ እየገፋች ሚዛን መጠበቅ ብቻ ነበር የምትለማመደው። ፔዳሉ የመጣው በኋላ ነው።

«ወድቀሽ ታውቂያለሽ?» ብለን ጠየቅናት።

«ወድቀሽ ታውቂያለሽ ትለኛለህ? ያልወደቅሁበትን ቀን ብትጠይቀኝ ይሻላል» አለችና ሳቀች።

ከመውደቁ ይልቅ የከበዳት ግን የሰው ወሬ ነበር። ከማኅበረሰቡ ታላላቆች አንዱ «ለሙስሊም ሴት ይህ ነገር ተገቢ ነው ወይ?» ብለው ባለቤቷን ጠይቀውት ነበር። እኛም ብንሆን ይህ ጥያቄ በልባችን አልነበረም ብንል ውሸት ይሆንብናል። እሷ ግን መልሷን አዘጋጅታ ነበር። «አውቶቡስ ውስጥ ከባዕድ ወንድ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቼ ስቆም ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ተገቢ ነው ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። አሁን በገዛ ኮርቻዬ ላይ ብቻዬን ስቀመጥ ጊዜ ጥያቄ መጣ» አለቻቸው። ሽማግሌው ዝም አሉ። በዓመቱ የገዛ ልጃቸውን እንድታስተምርላቸው ለመኗት።

ሳይክሏ ምን ዓይነት ናት?

ሆላንዶች ይህን ዓይነቱን ሳይክል «ኦማፊትስ» ይሉታል፤ የሴት አያት ብስክሌት ማለት ነው። እኛ ሳይክል ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ወገቡን ጎንበስ አድርጎ የሚሮጥ ስፖርተኛ ወይም ባለ ወፍራም ጎማው የተራራ ሳይክል ነው። ይህች ግን ሌላ ፍጥረት ናት። መሪዋ ወደ ነጂው ዞሮ የታጠፈ ስለሆነ ሰው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ቀጥ ብሎ ይነዳል፤ ዓይኑም አስፋልቱን ሳይሆን ፊት ለፊቱን ያያል። በመካከሏ ያለው ብረት ወደ ታች ስለጎበጠ ረዥም ቀሚስ የለበሰች ሴት እግሯን ከፍ ሳታደርግ ትወጣለች፤ ትወርዳለች። ካቴናዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሽፋን የተዘጋ ነው፤ በዚህም ምክንያት ዝናብም ጭቃም አይነካውም፣ የሱሪንም ጫፍ በግራሶ አያበላሽም። በኋላ ጎማዋ ግራና ቀኝ ደግሞ እንደ መጋረጃ የተወጠረ ሽፋን አለ። ይህም ካፖርት ወይም ቀሚስ በጎማው ሽቦዎች ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላል። እህታችን በመጀመሪያ የገዛቻት አሮጌ ሳይክል ይህ ሽፋን የተቀደደባት ነበረች። በሦስተኛው ቀን የጅልባቧ ጫፍ ተጠቅልሎ ገብቶ ከነልብሷ አስቀርቷታል። ሳይክል ጠጋኙ አዲስ ሽፋን አሰረላትና ነገሩ በዚያው አለቀ።

ከዚህ ሌላ ፓራፋንጎ፣ ከጎማው ጋር ተያይዞ የሚሠራ ዲናሞና መብራት፣ የኋላውን ጎማ እዚያው ላይ የሚቆልፍ ቀለበት፣ ወፍራም የዕቃ መጫኛ፣ ባለ ሁለት እግር ማቆሚያ፤ ሁሉም አብሮ የተሠራ ነው። ከባድ ናት፤ ሃያ ኪሎ ያህል ትመዝናለች። ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ዓመቱን ሙሉ ውጭ ዝናብ ላይ ቆማ ጠዋት ሲነሱባት ትሄዳለች። የልጆች ሣጥን ከፊቷ ያለባት ደግሞ «ባክፊትስ» ትባላለች፤ እናቶች ልጆቻቸውንም አስቤዛቸውንም በአንድነት ይጭኑባታል።

ፍሬኗን በሚመለከት የራሳችንን ጉድ ሳንናገር ብናልፍ እህታችን ትታዘበናለች። ከእነዚህ ሳይክሎች ብዙዎቹ የእጅ ፍሬን የላቸውም፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ይቆማሉ። ይህ ተነግሮናል። መንገዱ ሲያልቅ ግን ጣቶቻችን የሌለ ፍሬን ሲፈልጉ የጎረቤቷ የቁጥቋጦ አጥር ውስጥ ገባን። የስምንት ዓመት ልጇ መጥታ በሆላንድኛ አንድ ነገር አለችን፤ እናቲቱ አልተረጎመችልንም።

ሕፃናቱ

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። እኛ ሆላንዶች ከጥንት ጀምሮ እንዲህ የነበሩ ይመስለን ነበር። አገራቸው ሜዳ ነው፣ ሳይክል ይወዳሉ፣ አበቃ። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕዝቡ ሀብት እያገኘ ሲመጣ መኪና እየገዛ ሳይክሉን ተወ። አደባባዮች የመኪና ማቆሚያ ሆኑ። በዚሁ በዩትሬክት ጥንታዊው የከተማው ቦይ ከፊሉ ተደፍኖ በ1970ዎቹ ሰፊ የመኪና መንገድ ተሠራበት። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ በአገሪቱ መንገዶች ከ3,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ400 የሚበልጡት ከአሥራ አራት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ነበሩ።

ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ ቪክ ላንገንሆፍ የተባለ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1972 በሚሠራበት ጋዜጣ ላይ «የሕፃናቱን ግድያ አቁሙ» በሚል ርእስ ጻፈ። ርእሱ የአንድ ንቅናቄ ስም ሆነ። እናቶችና አባቶች ከነልጆቻቸው መንገድ ላይ ተቀመጡ፤ ትራፊክ ዘጉ። በቀጣዩ ዓመት በጥቅምቱ ጦርነት ምክንያት የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ መንግሥት ከኅዳር 1973 እስከ ጥር 1974 እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ አዘዘ። ሕዝቡ ባዶውን አውራ ጎዳና አየ፤ ልጆች ተጫወቱበት። እ.ኤ.አ. በ1975 የብስክሌተኞች ማኅበር ተቋቋመ። በቲልቡርግና በዘ ሄግ ከተሞች የሙከራ የሳይክል መንገዶች ተሠሩ። የግሮኒንገን ከተማ ደግሞ በ1977 መሐል ከተማውን ለአራት ከፍሎ መኪና ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በቀጥታ እንዳያልፍ አደረገ። ነጋዴዎች ገበያችን ሞተ ብለው ጮኹ።

በደልፍት ከተማ የታየው ነገር በተለይ ለእኛ አገር ሰው የሚጠቅም ይመስለናል። አንድ ያማረ የሳይክል መንገድ ብቻውን ብዙ ሰው አያመጣም፤ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት እስከ ገበያ የሚያያዝ መረብ ሲሆን ነው ሰው የሚያምነው። መሐል ላይ የሚቋረጥ መንገድ፣ እናት ልጇን የማትሰድበት መንገድ ነው። ዛሬ በሆላንድ ከሚደረገው ጉዞ ከአራት እጅ አንዱ የሚበልጠው በብስክሌት ነው፤ የብስክሌቱም ቁጥር ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል። ዩትሬክት በ2019 በባቡር ጣቢያዋ ሥር 12,500 ሳይክል የሚይዝ ማቆሚያ ሠርታ ጨርሳለች። የተደፈነውም ቦይ በ2020 እንደገና ውኃ ተሞላ፤ እኛም ጀልባ ሲያልፍበት አይተናል።

አንድ ማታ ሻይ እየጠጣን እህታችን ስለ ልጇ ትምህርት ቤት አጫወተችን። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በመጨረሻዎቹ ክፍሎች የመንገድ ፈተና ይፈተናሉ፤ በወረቀትም፣ በሳይክልም። ይህን ስትነግረን ደስ አለንና እኛም በመምህርነታችን ስለ መንገድ ሥነ ሥርዓት የምናስተምረውን ነገርናት። ወዲያው ከሦስት ዓመት በፊት በአዲስ አበባ የደረሰውን አነሣንላት። አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪያችን ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ሚኒባስ ገጭቶት እግሩ ተሰበረ። ብርቱካን ይዘን ሐኪም ቤት ሄድን። ገና ከመቀመጣችን «ግራና ቀኝ ሳታይ ለምን ገባህ?» አልነው። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኛም በነጋታው ክፍል ገብተን ለጓደኞቹ «ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ» እያልን ደጋግመን አስተማርን፤ ግዴታችንን የተወጣን መሰለን።

እህታችን ጨርሳ ሰማችንና «ሾፌሩስ ምን ተጠየቀ?» አለች።

አልጠየቅንም ነበር። ውድ አንባቢያን፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ አእምሯችን አልመጣም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የአገሩን ሕግ ያስረዳችን። በሆላንድ አገር መኪና ሕፃንን ቢገጭና ልጁ ከአሥራ አራት ዓመት በታች ቢሆን፣ ልጁ ሳያይ ቢገባም እንኳ፣ የጉዳቱን ካሣ ሙሉ በሙሉ የሚከፍለው የመኪናው ወገን ነው። ልጁ ሆን ብሎ ያደረገው ካልሆነ በስተቀር በጥፋተኝነቱ አይቀነስበትም። ይህም ወንጀል ሳይሆን የካሣ ሕግ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ሕፃን ሕፃን ነው፣ ይሳሳታል። አንድ ቶን ብረት ወደ መንገድ ያወጣው ትልቁ ሰው ነው። በመድረሳ ሳለን ኡስታዞቻችን ስለ መንገድ ሐቅ ያስተምሩን ነበር። ሐቁ የማን በማን ላይ እንደሆነ ግን እኛ ገልብጠን ይዘነው ኖሯል።

እዚያም ቢሆን ጀነት አይደለም። ሳይክል መስረቅ እንደ ቀላል ነገር ስለሚታይ እህታችን ሁለት ቁልፍ ትቆልፋለች። በአምስተርዳም በየዓመቱ ከቦዮቹ ውስጥ ከ12,000 እስከ 15,000 የሚደርስ ሳይክል በማሽን ይወጣል። ወጣቶቹ ስልክ እያዩ ይነዳሉ፤ እግረኛን ይሳደባሉ። የባትሪ ሳይክል በመብዛቱም ዛሬ በብስክሌት ከሚሞቱት ብዙዎቹ አረጋውያን ሆነዋል። ነፋሱም አለ። ዳገት የሌለው አገር ዳገቱ ነፋስ ነው። እንዲያውም በአውሎ ነፋስ ቀን በዚችው ተራ የከተማ ሳይክል ነፋስን ተጋፍተው የሚወዳደሩበት ሻምፒዮና ያዘጋጃሉ፤ እብድ እብድ አለ።

ጁምዓ ለት ከጣቢያው ብዙም ወደማይርቀው ወደ ሎምቦክ ሠፈር ኡሉ መስጊድ ሄድን። በሩ ላይ የቆመውን ሳይክል ብዛት ስናይ በባሕር ዳር ከተማ መንገዶች ያየናቸውን ሳይክሎች አስታወስን። አዎ፣ እኛም አገር ሳይክል አለ፤ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ማንም ሳያስተምራቸው ይነዳሉ። ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት አገራዊ ስትራቴጂ በ2020 ወጥቷል። በአዲስ አበባም በ2018 መጨረሻ «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች ለእግረኛ ተከፍተው ነበር፤ በቅርቡም ከኮሪደር ልማቱ ጋር የሳይክል መንገዶች ተሠርተዋል። የአዲስ አበባን ዳገት እናውቃለን፤ የአያት ብስክሌት ወደ እንጦጦ አትወጣም። ግን የእኛ ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንጦጦ ላይ አይደለም።

ከተመለስን በኋላ ያንን ልጅ ፈለግነው። አሁን ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ትንሽ ያነክሳል። በእረፍት ሰዓት ጠርተን ያየነውን ሁሉ፣ ሕጉንም ጭምር ነገርነው። አንገቱን ደፍቶ ከሰማን በኋላ «ቲቸር፣ እዚያ ቢሆን ኖሮ ጥፋተኛ አልባልም ነበር?» አለ።

«እዚህም ጥፋተኛ ልንልህ አይገባም ነበር። አፉ በለን» አልነው።

ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያም ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ ሳይክሉ እንዴት እንደሚቆም አልገባኝም አለን። ጠመኔ አንስተን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሣልንለት፤ ደወሉ እስኪደወል ድረስ እሱም ከጎናችን ቆሞ ካቴናውን ይሥል ነበር።