ስም ባላቸው ሰፈሮች የሚኖር ፍርሃት

«አዲስ አበባ ኑዋር» አሥራ አራት አጫጭር ልቦለዶች የተሰበሰቡበት፣ ደራሲዋ መዓዛ መንግስቴ ያሰናዳችው መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመው አካሺክ ቡክስ «ኑዋር» የተባለውን የጨለማ ወንጀል ልቦለዶች ተከታታይ በዚያው አቆጣጠር በ2004 ከኒውዮርኳ ብሩክሊን ጀምሮ ወደ ብዙ ከተሞች ወስዶታል፤ ሌጎስና ናይሮቢም የየራሳቸው ጥራዝ አላቸው። የተከታታዩ ደንብ እያንዳንዱ ታሪክ ከከተማው ሰፈሮች በአንዱ እንዲፈጸም ያስገድዳል።

መጽሐፉን የሚያስፈራ ያደረገው ይህ ደንብ ይመስለኛል። ልጅ ሳለን የሰማነው የጅብና የጭራቅ ተረት የት እንደተፈጸመ አይነገርም፤ ስለዚህ ሲነጋ ይለቀን ነበር። ልደታ ወይም ቤላ የሚል ስም ሲጠራ ግን አንባቢው ቅያሱን ያውቀዋል። ነገ በዚያው ያልፋል።

መዓዛ ራሷ ለመጽሐፉ የጻፈችውን ታሪክ ያነበበ ቶሎ አይረሳውም። ከደርግ ውድቀት በኋላ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ የአርጀንቲና የሥነ አፅም ባለሙያዎች አዲስ አበባ መጥተው የቀይ ሽብር ሰለባዎችን የጅምላ መቃብር መቆፈራቸው እውነት ነው። ኮተቤ ላይ ከአንዳንዶቹ አፅሞች አንገት ላይ የናይለን ገመድ አግኝተዋል። ደራሲዋ ልቦለዷን የምትገነባው በዚህ ቁፋሮ ዙሪያ ነው። ጭራቅ መፍጠር አላስፈለጋትም፤ ሥጋው አልቆ ያልበሰበሰው ገመድ ይበቃል። በጥራዙ ያለው የደራሲዋ ሜሮን ሀደሮ ታሪክም ወደ ደርግ ዘመን ይመልሰናል። መንገድ ላይ የተገኘ እንግዳ ሰው የቆየ በደሉን ይናዘዛል፤ ሰሚው ጥሎት መሄድ ያቅተዋል። ሜሮን መጽሐፉ በታተመ በዓመቱ በሌላ ታሪኳ ለአፍሪካውያን አጭር ልቦለድ የሚሰጠውን የኬን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆናለች።

አዳም ረታ፣ በዕውቀቱ ሥዩምና ሌሊሳ ግርማም በጥራዙ ውስጥ አሉ። በአማርኛ ያሳደጉንን እነዚህን ደራስያን በእንግሊዝኛ ማንበብ ቅር ያሰኛል። በዕውቀቱን የሚያውቅ ሰው ዓረፍተ ነገሩ አማርኛ ቢሆን ኖሮ እንዴት እንደሚል እየገመተ ማንበቡ አይቀርም።

መጽሐፉን ባንድ ቁጭታ መጨረስ አልመክርም። አንድ ታሪክ ለአንድ ማታ ይበቃል፤ ሁለተኛው ሲደረብበት የመጀመሪያው ድንጋጤ ይደበዝዛል።

ከአዲስ አበባ ዳር፣ ገላን ላለ አንባቢ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። በዙሪያዋ ያሉት ቦታዎች፣ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም፣ ለእንዲህ ያለ ታሪክ ምን ይጎድላቸዋል? ገላን ውስጥ የማታ ፈረቃ የጨረሱ የፋብሪካ ሠራተኞች በከባድ መኪኖች መብራት መሀል አስፋልቱን ይሻገራሉ። ትናንት ማሳ በነበረው ቦታ ላይ ግማሹ የቆመ፣ መስኮት ያልገባለት ፎቅ አለ፤ ጥበቃው ብቻውን ያድርበታል። መሬቱ የማን እንደነበረ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችም እዚያው ጎረቤት ናቸው። ይህን ሁሉ ከውስጥ የሚያውቅ ወጣት በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ ቢጽፈው፣ ከአሥራ አራቱ የማያንስ አሥራ አምስተኛ ታሪክ ይወጣዋል ብዬ አምናለሁ።