የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ዝግጅት

የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ዝግጅት ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ግድግዳውን የማጽዳት፣ የማስተካከልና ውሃ እንዳያሰርግ የማድረግ ሥራ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በገላን፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ብዙ ቤቶች በብሎኬት ስለሚሠሩ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከልስን ነው።

ቅደም ተከተል

መጀመሪያ በግድግዳው ውስጥ ያለፉት ቧንቧዎች በውሃ ግፊት ይፈተሻሉ፤ ፍሳሹ ኋላ ከተገኘ ሴራሚኩን ማፍረስ ግድ ይሆናል። ቀጥሎ ብሎኬቱ ረጥቦ በሲሚንቶና በአሸዋ ይለሰናል። ቀጥ ማለቱ በቱምቢና በውሃ ልክ ይታያል። ማጣበቂያው በደንብ እንዲይዝ ገጹ ሻካራ ሆኖ ይተዋል። ልስኑ ለቀናት ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያም እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ቀድሞ የተለጠፈ ሴራሚክ ሊላቀቅ ይችላል። በአሮጌ ግድግዳ ላይ ቀለሙ ይፋቃል፤ ሲንኳኳ የባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስንም ይነሳል።

ጀሶ

ጀሶ እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል። እርጥበት ባለበት ከሲሚንቶ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ኤትሪንጋይት የተባለ ማዕድን ይፈጠራል፤ ይህም እያበጠ ሴራሚኩን ከግድግዳው ይገፋል።

ውሃ መከላከያ

የሴራሚክ ፊት ውሃ ባያሳልፍም በመገጣጠሚያዎቹ የሚሞላው ሲሚንቶ ያሳልፋል። ስለዚህ በሻወር ዙሪያ፣ በማዕዘኖችና ግድግዳው ከወለሉ በሚገናኝበት ቦታ ውሃ መከላከያ ይቀባል።