የጠፈር ልብስ ብልሽትና የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ሥልጠና

ጠፈርተኞች ከጠፈር ጣቢያ ወጥተው ሲሠሩ ሕይወታቸው የሚጠበቀው በለበሱት ልብስ ነው። ልብሱ ኦክስጅን ያቀርባል፣ ከትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወግዳል፣ በቀጫጭን ቱቦዎች ውኃ በማዘዋወርም ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ ለውሳኔ የሚኖረው ጊዜ አጭር በመሆኑ፣ ሊወሰድ የሚገባውን እርምጃ በምድር ላይ አስቀድሞ መለማመድ ያስፈልጋል።

አውሮፕላን አብራሪዎች በሲሙሌተር እንደሚሠለጥኑ ሁሉ፣ ጠፈርተኞችም በኮምፒውተር በተቀናበረ ሁኔታ ውስጥ አደጋን ይለማመዳሉ። በአሜሪካ ሂውስተን በሚገኘው የናሳ ጆንሰን የጠፈር ማዕከል ሠልጣኞች የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር አድርገው ከጣቢያው ተነጥለው ሲንሳፈፉ ይታያቸዋል። ከልብሱ ጋር የሚገጠመውን፣ ሴፈር የተባለውን የናይትሮጅን ጋዝ መግፊያ መሣሪያ በእጅ መቆጣጠሪያ እየመሩ ለመመለስ ይሞክራሉ። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ግፊት የሚያስከትለውን እንቅስቃሴ ስለሚያሰላ፣ ጋዙን ያባከነ ሠልጣኝ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል፤ ስህተቱ ግን ሕይወት አያስከፍልም።

ይሁን እንጂ ሲሙሌሽን የሚያዘጋጀው አስቀድሞ ለታሰበ ብልሽት ብቻ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 2013) ጣሊያናዊው ጠፈርተኛ ሉካ ፓርሚታኖ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውጭ ሲሠራ በራስ ቁሩ ውስጥ ውኃ መጠራቀም ጀመረ። ክብደት አልባ በሆነው ሁኔታ ውኃው ወደ ታች ባለመውረዱ ዓይኑን፣ አፍንጫውንና ጆሮውን ሸፈነ። ሥራው ተቋርጦ፣ ጠፈርተኛው የደኅንነት ገመዱን እየተከተለ ወደ መግቢያው በሰላም ተመለሰ።

የብልሽቱ መንስኤ ውኃን ከአየር የሚለየው የልብሱ ክፍል በባዕድ ነገር መደፈኑ ነበር። ከአንድ ሳምንት በፊት በዚያው ልብስ የራስ ቁር ውስጥ ውኃ ቢታይም፣ ከመጠጥ ከረጢቱ የፈሰሰ ነው ተብሎ ታልፎ ነበር። የናሳ የምርመራ ቡድን በራስ ቁር ውስጥ አነስተኛ ውኃ መታየቱ እንደ መደበኛ ነገር ይቆጠር እንደነበርና ባለሙያዎቹ ስለዚህ ዓይነት ብልሽት በቂ ግንዛቤ እንዳልነበራቸው አመልክቷል። ከዚያ በኋላ በራስ ቁሩ ውስጥ ውኃ የሚመጥ ንጣፍና በአደጋ ጊዜ አየር መሳቢያ ቱቦ ተጨምረዋል።

በመሆኑም የሲሙሌሽን ሥልጠና ጥቅም የሚለካው በማሽኑ ዘመናዊነት ብቻ አይደለም። በሥራ ላይ የታየ ትንሽ ምልክት ሳይናቅ ሲመዘገብ፣ ሲመረመርና የሥልጠናው አካል ሲሆን፣ ትናንት ያልታሰበው ብልሽት ለነገው ጠፈርተኛ የተለማመደው ጉዳይ ይሆናል።