የአርሊንግተን ሸማኔዎች ቤት

እንግሊዝ አገር፣ ግሎስተርሻየር ውስጥ፣ ባይበሪ በምትባል መንደር፣ ከኮልን ወንዝ አጠገብ ጎን ለጎን ተያይዘው የተሠሩ የድንጋይ ጎጆዎች አሉ። አርሊንግተን ሮው ይባላሉ። ጎብኚ የሚሻማባቸው እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ ለመኖሪያ አልታሰቡም። እ.ኤ.አ. በ1380 ገደማ የተገነባ የገዳም ሱፍ ማከማቻ ነበሩ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ረጅሙ ሕንፃ ተከፋፍሎ የሸማኔዎች መኖሪያ ሆነ። እዚያ የተሸመነው ጨርቅ ወደ አርሊንግተን ወፍጮ ይሄድና በውሃ ኃይል እየተቀጠቀጠ ይጠብቅ ነበር፤ ከዚያም ከቤቶቹ ፊት ለፊት ባለው ረግረግ መስክ በእንጨት መስቀያ ላይ ተወጥሮ ይደርቅ ነበር። መስኩ ዛሬም በዚያው መስቀያ ስም ራክ አይል ይባላል።

ግድግዳው ማር የመሰለ የአካባቢው የኖራ ድንጋይ ነው። ለእኔ ግን የሕንፃው ጥበብ ያለው ጣሪያው ላይ ነው። ክዳኑ ሸክላ ወይም ሣር አይደለም፤ በስሱ የተሰነጠቀ ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ ጠፍጣፋ ድንጋይ አናቱ ላይ ተበስቶ በእንጨት ችካል ማገሩ ላይ ይንጠለጠላል። ትልልቆቹ ከታች ክፈፉ ላይ ይሰደራሉ፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር መጠናቸው እያነሰ ሄዶ ትንንሾቹ ጫፍ ላይ ያርፋሉ። ከባዱ ጭነት ግድግዳው አጠገብ ይቀራል፤ ብዙ ውሃ በሚወርድበት በታችኛው በኩልም መገጣጠሚያው ጥቂት ይሆናል። ድንጋዮቹ ወጣ ገባ ስለሆኑ እርስ በርስ አይጣበቁም። ዝናቡ ሰርጎ ሳይገባ ቶሎ እንዲወርድ ጣሪያው ቀጥ ብሎ የቆመውም ለዚህ ነው።

ድንጋዩን መሰንጠቁ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። ለምሳሌ ስቶንስፊልድ በተባለችው የኦክስፎርድሻየር መንደር ሠራተኞች በመከር ወራት ድንጋዩን ቆፍረው ያወጡና ብርዱ እስኪበረታ እርጥበቱ እንዳይለቀው ይጠብቁት ነበር። ውርጭ ሲወርድ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጥና ድንጋዩን በንብርብሩ ይለያየው ነበር። ብርድ ባልጠነከረበት ዓመት ሥራው ይበላሽ ነበር፤ አንዴ የደረቀ ድንጋይ አይሰነጠቅምና።

ቤቶቹን ሮያል ሶሳይቲ ኦፍ አርትስ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1929 ገዝቶ አሳደሳቸው፤ ዛሬ የቅርስ ጠባቂው ማኅበር የናሽናል ትረስት ንብረት ናቸው። የክዳን ድንጋይ ይወጣባቸው የነበሩት ካባዎች ግን አብዛኞቹ ተዘግተዋል። ስለዚህ በዚያ አገር አሮጌ ጣሪያ የሚጠግን ሰው ብዙ ጊዜ ከፈረሰ ጎተራ የተነሣ ድንጋይ ፈልጎ ይገዛል።