የአሮዋና ጫጩት ከመግዛት አስቀድሞ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በሲንጋፖር፣ በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ ከተሞች በበርካታ መኖሪያ ቤቶችና የንግድ ቤቶች፣ በትልቅ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ብቻውን ሲመላለስ የሚታይ አንድ ዓሣ አለ፡፡ አሮዋና ይባላል፡፡ ሰፋፊና አንጸባራቂ ቅርፊቶቹ እንዲሁም ከታችኛው መንጋጋው ጫፍ የሚወጡት ሁለት ሪዝ መሰል ክሮች በቻይና ተረቶች ከሚነገርለት ዘንዶ ጋር ስለሚያመሳስሉት፣ ቻይናውያን "የዘንዶ ዓሣ" ይሉታል፡፡ ለባለቤቱ ገድና ሀብት ያመጣል ብለው የሚያምኑም ጥቂት አይደሉም፡፡

ዓሣው ለገበያ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ገና ጫጩት ሳለ ነው፡፡ ገዢው የሚያየው ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ቀጭን ፍጡር ሲሆን፣ ይኸው ጫጩት በአግባቡ ከተያዘ 60 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ ከ20 ዓመት በላይም ሊኖር ይችላል፡፡ ብዙዎቹ ጫጩቶች የሚጎዱት ወይም የሚሞቱት ባለቤቶቻቸው ይህን ሳያሰሉ በመግዛታቸው ነው፡፡

የእስያ አሮዋና በተፈጥሮው ቀስ ብሎ የሚራባ ዓሣ ነው፡፡ እንስቷ በአንድ ጊዜ የምትጥለው እንቁላል ቁጥሩ በአሥሮች የሚቆጠር ብቻ ነው፡፡ እንቁላሎቹን በአፉ ውስጥ ይዞ የሚፈለፍላቸውና ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ሁለት ወር ገደማ የሚጠብቃቸው ወንዱ ነው፡፡ በመሆኑም ለውበቱ ሲባል የተጀመረው አደን፣ ከረግረጋማ ቦታዎች መመናመን ጋር ተዳምሮ፣ በትውልድ ወንዞቹ ያለውን ቁጥር በእጅጉ ቀንሶታል፡፡ እጅግ የሚፈለገው ቀይ ዝርያ መገኛ የሆነው በምዕራብ ካሊማንታን የሚገኘው የካፑዋስ ወንዝ ተፋሰስ ለዚህ በምሳሌነት ይጠቀሳል፡፡

በመጥፋት ላይ የሚገኙ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት፣ በአጭር አጠራሩ ሳይተስ፣ እ.ኤ.አ በ1975 ሥራ ላይ ሲውል የእስያ አሮዋናን እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዝርያዎች መካከል መድቦታል፡፡ ዛሬ በሕጋዊ መንገድ በዓለም አቀፍ ገበያ ለንግድ የሚቀርበው በተመዘገቡ ማራቢያ ጣቢያዎች የተወለደው ብቻ ነው፡፡ እያንዳንዱ ዓሣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ኤሌክትሮኒክ መለያ በሥጋው ውስጥ ይቀበርለታል፤ ቁጥሩም በምስክር ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል፡፡ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መለያው በማንበቢያ መሣሪያ ተነብቦ ከወረቀቱ ጋር እንዲመሳከር መጠየቅ ይገባዋል፡፡ ወረቀቱ ትውልዱን እንጂ መልኩን እንደማያረጋግጥ ግን ማወቅ ያሻል፤ የቀዩ ዝርያ ቀለም ጎልቶ እስኪወጣ ዓመታት ይወስዳልና፡፡

ጤነኛ ጫጩት ሪዞቹ ቀጥ ያሉ፣ የስንጥቡ (የመተንፈሻ አካሉ) ክዳን ለስላሳና የተገጠመ፣ ወደ ውሃው ገጽ ቀረብ ብሎ የሚዋኝ ነው፡፡

ዋናው ሥራ የሚሠራው ግን ዓሣው ቤት ከመግባቱ በፊት ነው፡፡ ከዓሣው ዓይነ ምድርና ከምግብ ትራፊ አሞኒያ የተባለ መርዛማ ውህድ ይፈጠራል፡፡ በማጣሪያው ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን በቅድሚያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል፡፡ እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን እስኪራቡ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልጋል፡፡ ገንዳውንና ዓሣውን በአንድ ቀን ገዝቶ የሚገባ ሰው ጫጩቱን ወደ መርዝ እየከተተው መሆኑን ሊገነዘብ ይገባል፡፡ ውሃው ጥርት ብሎ መታየቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ አሞኒያ በዓይን አይታይምና በመመርመሪያ መለካት አለበት፡፡ የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ ሳይወገድ መጨመር የለበትም፡፡ የውሃው ሙቀት ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ይመከራል፤ የአየሩ ጠባይ ቀዝቃዛ በሆነበት አካባቢ ያለ ማሞቂያ የሚታሰብ አይደለም፡፡

ጫጩቱ ሲመጣ ከነላስቲክ ከረጢቱ በገንዳው ውሃ ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል በማንሳፈፍ ሙቀቱ እንዲመጣጠን ይደረጋል፡፡ በመጀመሪያው ቀን መብራት ማጥፋትና ምግብ አለመስጠት ይሻላል፡፡ ጥቂት ቀናት ቢያንገራግርም መደናገጥ አያስፈልግም፤ ያልተበላውን ግን ወዲያው ማውጣት ግድ ነው፡፡

ትንሽ ሳለ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ትናንሽ ነፍሳት፣ የተከተፈ ሽሪምፕና የዓሣ ሥጋ ይሰጠዋል፤ እያደገ ሲሄድ ድግግሞሹ ይቀንሳል፡፡ ብዙ ጀማሪዎች ለትርዒቱ ሲሉ በሕይወት ያለ ጎልድፊሽ ይጥሉለታል፡፡ ይህ ልማድ ሁለት ጉዳት አለው፡፡ አንደኛው በሽታ ማስገባቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጎልድፊሽ በውስጡ ያለው ቲያሚኔዝ የተባለ ንጥረ ነገር ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ መሆኑ ነው፡፡

በጠባብ ገንዳና በቆሸሸ ውሃ ያደገ አሮዋና የስንጥቡ ክዳን ወደ ውጭ ይታጠፋል፡፡ የአንዳንዶቹ ዓይን ደግሞ ወደ ታች አዘቅዝቆ ይቀራል፤ ምክንያቱ ስብ የበዛበት ምግብ ነው ወይስ ዘወትር ወደ ታች መመልከት በሚለው ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም፡፡

ለአካለ መጠን የደረሰ ዓሣ 180 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 75 ሳንቲ ሜትር ወርድና 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ገንዳ ያስፈልገዋል፡፡ ይህ ሲሞላ 810 ሊትር ይይዛል፤ ውሃው ብቻ ከስምንት ኩንታል በላይ ይመዝናል ማለት ነው፡፡ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ወለሉ ይህን መሸከም መቻሉን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል፡፡ አሮዋና በተፈጥሮው ከውሃ በላይ ባሉ ቅርንጫፎች ላይ የሚያርፉ ነፍሳትን ዘሎ የሚይዝ በመሆኑ ክዳኑ ከባድና በሚገባ የተቆለፈ መሆን አለበት፡፡ መሬት ላይ ወድቆ የሚገኝ አሮዋና በአርቢዎች ዘንድ የተለመደ ወሬ ነው፡፡ መብራት በሚቋረጥበት ስፍራም በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ በመጠባበቂያነት ሊቀመጥ ይገባል፡፡

የዚህ ዓሣ ዘመድ በአገራችንም መኖሩን የሚያውቁ ብዙ አይመስሉም፡፡ በንግዱ ዓለም "የአፍሪካ አሮዋና" የሚባለው ዝርያ በናይል ተፋሰስ፣ በባሮ ወንዝ ጭምር ይገኛል፤ አመጋገቡ ግን የተለየ ነው፡፡ ደቃቅ ምግብ ከውሃው እያጠለለ ይበላል እንጂ እንደ እስያው አድኖ አይበላም፡፡

ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሳይተስ አባል እንደመሆኗ፣ የእስያ አሮዋና በየትኛውም መንገድ ድንበር ሲያቋርጥ ፈቃዱ መጠየቅ ይኖርበታል፡፡ ዩናይትድ ስቴትስ ደግሞ በራሷ ሕግ ዓሣው ወደ አገሯ እንዳይገባ ስለምትከለክል፣ በዚያ የሚኖሩ ወገኖች በአማዞን ተፋሰስ የሚገኘውን የብር መልክ ያለውን አሮዋና ከዚህኛው ለይተው ማወቅ ይገባቸዋል፡፡ ዓሣው አድጎ ከገንዳው ሲበልጥ ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ መልቀቅ በየትኛውም አገር ተገቢ አይደለም፡፡ አዳኝ በመሆኑ በውሃው የሚኖሩ አገር በቀል ዓሦችን ይበላል፤ ይዞት የመጣውንም በሽታ ያስተላልፋል፡፡ ሊያኖረው ያልቻለ ባለቤት ከነምስክር ወረቀቱ ለሌላ አርቢ ወይም ለሸጠለት ነጋዴ ማስረከብ ይችላል፡፡