ሃይድሮጅን ያለ ፕላቲኒየም፤ ርካሹ ብረት ሂሳቡን ይለውጠው ይሆን?

ፍየል፣ ማርና ማሽላ በሚሸጥበት የቱርሚ የሰኞ ገበያ ሃይድሮጅንን የሚጠይቅ የለም። ይሁንና ፀሐይ የማይጠፋበት ደቡብ ኦሞ ውኃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ለማውጣት የተመቸ መስሎ ለሚታየው ባለሀብት፣ ሂሳቡን ከጀሪካን መጀመር ይበጃል። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ቢያንስ 9 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይፈጃል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 2 ኪሎ ያህል ቢሰጥ ነው። በቱርሚ ደግሞ በበጋ ውኃ የሚቀዳው የደረቀውን የካስኬ ወንዝ አሸዋ በመቆፈር ነው።

ሁለተኛው ወጪ ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ሥራውን የሚያፋጥነው ንጥረ ነገር ነው። ሜምብሬን በተገጠመለት ዘመናዊ መሣሪያ በአንዱ ወገን ፕላቲኒየም፣ በሌላው ኢሪዲየም ይገባል። የኢሪዲየም የዓለም ዓመታዊ ምርት ከ10 ቶን አይበልጥም፤ አብዛኛው የሚመጣውም ከደቡብ አፍሪካ ነው። ተመራማሪዎች በኒኬል፣ በኮባልትና በሞሊብዲነም ላይ የተረባረቡት በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ከኮባልትና ከፎስፌት የተሠራ ካታሊስት ይፋ ሆኗል። የሚገርመው ግን የኒኬል ጉዳይ ነው። ንጹሕ ኒኬል ኦክሲጅኑን በማስለቀቅ ረገድ ደካማ ሲሆን፣ ጥቂት ተራ ብረት ሲቀላቀልበት ይበረታል። እንደ ቆሻሻ ይቆጠር የነበረው ብረት ዋጋ አወጣ ማለት ነው።

ለአፍሪካ ግን ያለ ፕላቲኒየም መሥራት እንግዳ አይደለም። በኒኬል የሚሠራውን የቆየ የአልካላይን ዘዴ የግብፁ ኪማ በአስዋን፣ የዚምባብዌው ሴብል ኬሚካልስ በክዌክዌ ለማዳበሪያ ተጠቅመውበታል። ሴብል እ.ኤ.አ. በ2015 ዘዴውን የተወው ካታሊስት ተወዶበት አይደለም፤ በኤሌክትሪክ ምክንያት ነው።

ገንዘቡን የሚበላውም ይኸው ነው። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይጠይቃል። ለ1 ቶን አሞኒያ 177 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን ሲታሰብ፣ ፍጆታው ወደ 9,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። የተሻለ ካታሊስት ብክነቱን ይቀንሳል እንጂ ቢሉን አይሰርዝም። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ በነሐሴ 2017 የተስማሙበት የጎዴው የዩሪያ ፋብሪካም የተወጠነው በተፈጥሮ ጋዝ እንዲሠራ ነው።

ወለጋ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፕላቲኒየም የወጣበትን ዩብዶን እያሰቡ የሚሠጉም ካሉ፣ የብረቱ ትልቅ ገዢ እስካሁን የመኪና ጭስ ማጣሪያ ሠሪው ነው። ለጊዜው ዋጋውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የመኪና ገበያ እንጂ ሃይድሮጅን አይደለም።