ለብ ያለ ውሃ ቁስል ላይ ለምን ያቃጥላል? መልሱ የተገኘው ከአይጥ ነርቭ ነው

የምጣድ ጠርዝ ጣታችሁን ልጦት ያውቃል? ያን ዕለት ማቃጠሉ የሚጠበቅ ነው። የሚገርመው ማግስቱ ነው። ጠዋት እጃችሁን ለብ ባለ ውሃ ስትታጠቡ ሌሎቹ ጣቶች ምንም አይሰማቸውም፤ ያቺ የተቃጠለችው ብቻ እሳት የነካት ያህል ትለበልባለች። ውሃው ያው ነው፣ ሙቀቱም ያው ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

የተለወጠው ነርቩ ነው። በተለይ የነርቩ ጫፍ ላይ ያለች አንዲት በር አለች፤ ሳይንቲስቶች ሪሴፕተር ወይም ተቀባይ ይሏታል። ይህችን በር የሚሠራው ጂን የተገኘው ከአይጥ ነው። አይጥ ስንል ትንሿን ሳይሆን ትልቁን አይጠ መጎጥ ማለታችን ነው። የተገኘውም በቃሪያ በኩል ነው፤ አዎ፣ በምንበላው ቃሪያ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃሪያም ሆነ ሚጥሚጣ የሚያቃጥሉት ካፕሳይሲን በሚባል ንጥረ ነገር ምክንያት ነው። ይህ ንጥረ ነገር ነርቭ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ግን ለረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ የፈለጉት ይህንን ነው። ሕመምን ከቆዳ ተቀብለው ወደ አከርካሪ ከሚያስተላልፉ ነርቮች ውስጥ፣ ሥራ ላይ ያሉትን ጂኖች ቅጂ ሰበሰቡ። ቅጂዎቹን በቡድን በቡድን ከፋፍለው፣ በቤተ ሙከራ ለሚያድጉና ካፕሳይሲን ምንም ለማይላቸው የኩላሊት ሴሎች ሰጧቸው። ሴሎቹ ላይ ካልሲየም ሲገባ የሚያበራ ቀለም ተጨምሯል። ከዚያ ካፕሳይሲን ጠብ ማድረግና የትኛው ሴል እንደሚበራ መጠበቅ ነው።

አንድ ቡድን በራ። ያንን ደግመው ከፈሉት፣ አሁንም ከፈሉት፤ በመጨረሻ አንድ ጂን ብቻ ቀረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ታተመ። ጂኑ ዛሬ ትሪፕ ቪ ዋን ይባላል። የአይጡ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን 838 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ የእኛው 839። አራት እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች ሲገጣጠሙ መሐላቸው የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ ይኖራል። በሩ ሲከፈት ካልሲየምና ሶዲየም ወደ ነርቩ ይገባሉ፣ ነርቩም "ተቃጠልኩ!" የሚል መልእክት ይልካል።

ትልቁ ነገር ግን ቃሪያው አልነበረም። እነዚያኑ ሴሎች ያለ ምንም ካፕሳይሲን ሲያሞቋቸው፣ ሙቀቱ 43 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በሩ በራሱ ተከፈተ። 43 ዲግሪ ማለት ደግሞ ሙቀት ደስ ማለቱ ቀርቶ ማመም የሚጀምርበት ቦታ ነው። ስለዚህ "ሚጥሚጣው አቃጠለኝ" ስትሉ እያጋነናችሁ አይደለም፤ ለነርቩ ፍም እሳትና ሚጥሚጣ በአንድ በር የሚገቡ እንግዶች ናቸው። ጁሊየስ ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማትን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተጋርቷል።

(በነገራችን ላይ ወፎችም ይህ ጂን አላቸው፣ ግን የእነሱ በር ለካፕሳይሲን አይከፈትም። ዶሮ በርበሬ ስትለቅም ምንም አይመስላትም። ዶሮ ወጡ ላይ የምናነባው እኛ ብቻ ነን።)

ወደ ጣታችን እንመለስ። ቁስል ሲቆጣ፣ ሐኪሞች ኢንፍላሜሽን የሚሉት፣ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል። የተጎዱ ሴሎችና ለእርዳታ የመጡ የመከላከያ ሴሎች ብዙ ኬሚካሎችን ያፈሳሉ፦ ብራዲካይኒን፣ ፕሮስታግላንዲን፣ የነርቭ ማሳደጊያ የሚባለው ፕሮቲንም ይጨመራል። ቦታው አሲድም ይበዛበታል። እነዚህ ሁሉ ትሪፕ ቪ ዋንን እንዲሁ በቀላሉ የሚከፈት ያደርጉታል። 43 ዲግሪ ይጠብቅ የነበረው በር ከዚያ በታች መከፈት ይጀምራል፤ አንዳንዴ የሰውነት ሙቀት ራሱ ይበቃዋል። ለዚህ ነው ለብ ያለው ውሃ እሳት የሚሆነው፤ የተቆጣ ቁስል ማንም ሳይነካው የሚለበልበውም በከፊል ለዚሁ ነው። አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ስትወስዱ ፕሮስታግላንዲን መመረቱ ስለሚቀንስ፣ በተዘዋዋሪ ይህ በርም ረገብ ይላል።

ይህ እንዴት ታወቀ? በአይጥ እግር ነው። የአንዱ እግር መዳፍ ከባሕር አረም በሚወጣ ካራጂናን በሚባል ነገር እንዲቆጣ ይደረጋል፤ ከዚያ አይጡ በመስታወት ወለል ላይ ቆሞ ከሥር ሙቀት ያለው ብርሃን ይበራበታል። የተቆጣው እግር ከጤነኛው ቀድሞ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአይጥ ጥናት ደግሞ እግሩ ሲቆጣ ነርቩ በሩን በብዛት እንደሚያመርትና ወደ ቆዳው ጫፍ እንደሚልክ አሳየ። የሚገርመው የጂኑ መልእክት አልጨመረም፤ የጨመረው ከዚያው መልእክት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት ቡድኖች ጂኑ የጠፋባቸውን ትንንሽ አይጦች ሞክረው፣ እግራቸው ቢቆጣም ለሙቀት ያላቸው ስሜት እንደ ሌሎቹ እንደማይብስ አይተዋል።

ሌላም ጉድ አለ። በሩ ሲከፈት ነርቩ መልእክት ወደ አንጎል ልኮ ብቻ አያበቃም፤ በጫፉ በኩል የራሱን ኬሚካሎች ያፈሳል፤ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ይወጣል፣ ቦታው ያብጣል። ሃንጋሪያዊው ሚክሎሽ ያንቾና ባልደረቦቹ ጂኑ ከመገኘቱ 30 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ይህንን በአይጥ ላይ አሳይተው ነበር። ነርቩ ሲቆረጥ ወይም አስቀድሞ በካፕሳይሲን ሲደነዝዝ፣ የሚያስቆጣ ነገር ቢቀባም እብጠቱ አልመጣም። ማለትም ነርቩ እሳቱን እየተናገረ እንጨትም ይጨምራል።

እንግዲህ "በሩን ዝጉትና ሕመም ይቁም" ማለት ይቀላል። መድኃኒት ሠሪዎችም ያንኑ አስበው ነበር፤ እንደ ሞርፊን ሱስ የማያስይዝ ማስታገሻ ማግኘት ትልቅ ነገር ነውና። በሩን የሚዘጉ መድኃኒቶች ተሠርተው ሲሞከሩ ግን የሰውነት ሙቀት ጨመረ፤ በአይጦችም፣ በሰዎችም። መንጋጋ ጥርስ ካስነቀሉ በኋላ አንዱን የወሰዱ ሰዎች ውስጥ ሙቀታቸው ከ40 ዲግሪ ያለፈ ነበሩ፣ ሙከራውም ቆመ። ይህች በር ለካ የሰውነትን ሙቀት በመቆጣጠርም ትሳተፋለች። ሌሎቹ መድኃኒቶች ደግሞ ሰው የሚያቃጥል ነገር መንካቱን እንዳያውቅ አደረጉት። ሻይ አፉን እየላጠው የማይሰማው ሰው አስቡት።

እስካሁን የተሳካው ተቃራኒው መንገድ ነው፦ በሩን ከመዝጋት ይልቅ እስኪደክመው መክፈት። 8 በመቶ ካፕሳይሲን ያለው ፕላስተር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ አልማዝ ባለጭራ ከዳነ በኋላ ለሚቀረው የነርቭ ሕመም። ለአንድ ሰዓት ይለጠፋል፣ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ የነርቩ ጫፎች ለወራት ይደነዝዛሉ። የሚለጥፈው ባለሙያ ናይትራይል ጓንት ማድረግ አለበት፤ ላቴክሱ ካፕሳይሲንን አያስቆምም። ስለዚህ ይህን አንብባችሁ ሚጥሚጣ ቁስል ላይ ልትነሰንሱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።